ምዕራፍ ስድስት፦ ከወህኒ የወጣች ክኒን

ከኤረር ቆላ ብርድ ብርድ እያለው ሐረር ወደሚገኝ ጤና ተቋም የመጣ ገበሬ፣ ደሙ በማይክሮስኮፕ ታይቶ ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ቢገኝበት ሁለት መድኃኒት ይታዘዝለታል። አንደኛው ክሎሮኪን ነው፤ ደም ውስጥ ያለውን ተሐዋሲ በሦስት ቀን ያጸዳል። ሁለተኛው ፕሪማኪን ይባላል፤ ለ14 ቀን የሚዋጥ ሲሆን ሥራውም ጉበት ውስጥ አድፍጦ ቆይቶ ከወራት በኋላ የሚነሣውን ተሐዋሲ መግደል ነው። ክኒኑን ቆጥሮ የሚሰጠው ባለሙያ አንድ ማስጠንቀቂያ ይጨምራል፦ «አባቴ፣ ሽንትዎ ከጠቆረ መዋጡን ያቁሙና ቶሎ ይምጡ።»

ስለ ፕሪማኪን አወሳሰድም ሆነ ሽንት ስለሚያጠቁረው ጉዳቱ ዛሬ የምናውቀው ነገር በብዛት የተጠናው በእስረኞች ገላ ላይ ነው። ቦታው ቺካጎ አቅራቢያ የሚገኘው የኢሊኖይ ግዛት ስቴትቪል እስር ቤት ነበር። ገበሬው ይህን አያውቅም፤ እንዲያውቅም ማንም አይጠብቅበትም። ጥያቄው ግን የእኛም ነው። የታሰረ ሰው «በገላዬ ላይ ምርምር ይካሄድ» ብሎ ሲፈርም ፊርማው ምን ያህል የራሱ ነው? ይህ ምዕራፍ ጥያቄውን ከስቴትቪል እስከ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ማረሚያ ቤቶች ይከተለዋል። በተለየ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትንኝና ፊርማ

በ1944 የአሜሪካ ጦር በፓስፊክ ደሴቶች ሲዋጋ ወባ ወታደሩን በገፍ ይጥለው ነበር። የኪኒን ዛፍ በብዛት ይለማባት የነበረችው ጃቫ በጃፓን እጅ ወድቃለች። አዲስ መድኃኒት በአስቸኳይ ተፈለገ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ሐኪም አልፍ አልቪንግ ከጦሩ ጋር ተስማምቶ በስቴትቪል እስር ቤት ሆስፒታል ውስጥ የምርምር ክፍል ከፈተ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ከወባ በሽተኛ ደም የጠጡ ትንኞች በእስረኛው ቆዳ ላይ ተደርገው እስኪነክሱት ይጠበቃል። ከዚያ ትኩሳቱ እስኪነሣ ይቆያል። ሲነሣ ገና ያልተፈተሸው መድኃኒት ይሰጠዋል፤ የሚያድነውና የሚጎዳው መጠን የቱ ጋ እንደሚለያይም በእሱው ላይ ይለካል። በጦርነቱ ዓመታት ብቻ ከ400 በላይ እስረኞች ፈርመው ገብተዋል። ጋዜጦች አገር ወዳድ እያሉ አሞገሷቸው። ሥራው ጦርነቱ ካበቃ በኋላም እስከ 1970ዎቹ ዘልቋል።

ከፈረሙት አንዱ ናታን ሊዮፖልድ ነው። በ1924 ከጓደኛው ጋር ሆኖ አንድ ታዳጊ በመግደሉ ዕድሜ ልክ፣ በዚያም ላይ 99 ዓመት ተፈርዶበት ነበር። በ1949 የግዛቱ ገዥ 99ኙን ዓመት ወደ 85 ዝቅ አደረገለት፤ በወባው ሙከራ መሳተፉ ተቆጥሮለት ነው። በ1958 በአመክሮ ተፈታ። ሊዮፖልድ የፈረመው ለአገሩ ብሎ ነው ወይስ ለመፈታት? ምናልባት ለሁለቱም ይሆናል። ሁለቱን መለየት አለመቻሉ ግን ራሱ የችግሩ መነሻ ነው።

በ1956 የአልቪንግ ቡድን የክኒኑን ጉዳት ምክንያት ደረሰበት። አንዳንድ ሰዎች በቀይ የደም ሕዋሳቸው ውስጥ አንድ ኢንዛይም በውርስ ያንሳቸዋል። ፕሪማኪን ሲዋጡ ሕዋሳቱ ይፈርሳሉ፤ ሽንትም ይጠቁራል። ይህ ታላቅ ግኝት ነው፤ የኤረሩን ገበሬ የሚጠብቀውም ማስጠንቀቂያ ከዚህ የመጣ ነው። የዚህ ምዕራፍ ክብደትም እዚህ ላይ ነው። በእስረኛ ላይ የተደረገ ምርምር ሁሉ ከንቱ ቢሆን ኖሮ መኮነኑ ቀላል ነበር።

ኑረምበርግ ላይ የተነሣው ጥያቄ

ታኅሣሥ 1946 በጀርመኗ ኑረምበርግ ከተማ 23 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሐኪሞች፣ በማጎሪያ ካምፖች በፈጸሙት ሙከራ ለፍርድ ቀረቡ። እስረኞችን በበረዶ ውኃ ዘፍዝፈዋል፤ በተስቦ በክለዋል፤ የባሕር ውኃ አጠጥተዋል። ጠበቆቻቸው ግን ያልተጠበቀ መከራከሪያ አመጡ፦ «እናንተስ በስቴትቪል ምን ታደርጋላችሁ?»

የዓቃቤ ሕግ ባለሙያ ምስክር የነበረው አሜሪካዊው ሐኪም አንድሩ አይቪ፣ የኢሊኖይ እስረኞች በፈቃዳቸው የገቡ መሆናቸውን፣ ጉዳዩንም የሚመረምር ኮሚቴ መኖሩን ተናገረ። ኮሚቴው ተቋቁሞ ነበር፤ ሰብሳቢውም አይቪ ራሱ ነበር። ነገር ግን እሱ ምስክርነቱን ሲሰጥ አንድም ቀን ተሰብስቦ አያውቅም። በ1948 ሪፖርቱ በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ታትሞ ሲወጣ ስቴትቪልን በአርአያነት የሚያቀርብ ሆነ።

ሁለቱን አንድ ማድረግ ግን ስሕተት ይሆናል። ዳካው ካምፕ ውስጥ ክላውስ ሺሊንግ ከ1,000 በላይ እስረኞችን ወባ ሲያስይዝ ማንም አልጠየቃቸውም፤ ብዙዎቹም ሞተዋል። በስቴትቪል ፊርማ ነበር፤ ሕክምናም ነበር። ነሐሴ 1947 ፍርዱ ሲሰጥ ዳኞቹ አሥር ነጥብ ያለው ድንጋጌ አስቀመጡ። የመጀመሪያው ነጥብ፣ ሙከራ የሚደረግበት ሰው ከግፊት፣ ከማታለልና ከማስገደድ ነጻ ሆኖ በራሱ ምርጫ መስማማት እንዳለበት ይደነግጋል። በዚህ ሚዛን የዳካው ጉዳይ ክርክር አያስፈልገውም። የስቴትቪል ግን ያከራክራል፤ ዛሬም አላለቀም።

የሥጋ ደዌ፣ ሐረርና የሃዋይ ፍርደኛ

በእስረኛ ገላ መመራመር በስቴትቪል አልተጀመረም። በ1721 ለንደን ውስጥ የኒውጌት እስር ቤት ስድስት ፍርደኞች ከሞት ፍርድ ይልቅ የፈንጣጣ ክትባት ሙከራን እንዲመርጡ ቀረበላቸው። ስድስቱም ተርፈው በነጻ ወጡ። ገመዱን እያየ «እሺ» ያለ ሰው መረጠ ይባል ዘንድ ይቻላል ወይ ብሎ የጠየቀ ግን ብዙ አልነበረም።

ለሐረር የሚቀርበው ታሪክ የሥጋ ደዌ ነው። በ1901 የካፑቺን ሚስዮናውያን ሐረር ላይ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር መሥርተዋል። ከግማሽ ክፍለ ዘመን በኋላ፣ በ1958፣ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ቢሲዲሞ ላይ የጀርመን የሥጋ ደዌ ረድኤት ድርጅት ማእከል ከፍቷል። የሥጋ ደዌ ታማሚ ወንጀል ሳይሠራ ከሰው ተለይቶ የሚኖር ነበር። ፍርድ ቤት ያልፈረደበት እስረኛ ማለት ይቻላል። በሽታው እንዴት እንደሚተላለፍ ለማወቅ የጓጉ ሐኪሞችም እንዲህ ያሉ ሰዎችን ቅርብ ሆነው ያገኟቸው ነበር።

የበሽታውን ባክቴሪያ ያገኘው ኖርዌያዊ አርማወር ሐንሰን በ1879 በበርገን ሆስፒታል ውስጥ የአንዲትን ታማሚ ዓይን ከሌላ ታማሚ ቁስል በተወሰደ ነገር ወጋ። አልጠየቃትም፤ ብትጠየቅ እምቢ እንደምትል ያውቅ ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1880 ፍርድ ቤቱ ከሆስፒታል ሐኪምነቱ አነሣው፤ የአገሪቱ የሥጋ ደዌ ዋና ኃላፊነቱን ግን አልነካበትም። በ1970 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት የሚጠራው በዚሁ ሰው ስም ነው። ታላቅ ሳይንቲስት መሆንና የሰው ፈቃድ መርገጥ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1884፣ ሃዋይ ውስጥ ኬአኑ የተባለ የሞት ፍርደኛ ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እንዲቀየርለት ተስማማ። ዋጋው ኤድዋርድ አርኒንግ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም የሥጋ ደዌ ቁስል ቁራጭ ክንዱ ላይ እንዲተክልበት መፍቀድ ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ደዌው ታየበት። በ1892 በሞሎካይ ደሴት የሕሙማን መንደር ሞተ። ሰውየው ሕይወቱን ሰጥቶም ሳይንስ መልስ አላገኘም። በዘመዶቹ መካከል በሽታው ስለነበረ በሙከራው ይያዝ በቤተሰቡ ማንም ሊያረጋግጥ አልቻለም።

ወህኒ ለምን ይመረጣል?

ተመራማሪ የሚመኘው የማይጠፋ ሰው ነው። በሦስተኛው ቀን ደም ለመስጠት የሚመጣ፣ በሳምንቱ የሚመዘን፣ የበላው የሚታወቅ፣ የተኛበት ሰዓት የሚመዘገብ። ከቤቱ የሚመጣ ሰው ለቅሶ ይገጥመዋል፤ እርሻ ይደርስበታል፤ መኪና ያጣል። ታራሚ ግን ማታና ጠዋት በቆጠራ ይገኛል። ለሳይንስ ምቹ የሚያደርገው ይህ ነገር ለራሱ አደገኛ የሚያደርገውም ነው፤ ሲመረውም መሄጃ የለውምና።

በፊላዴልፊያ የሆምስበርግ እስር ቤት ከ1951 እስከ 1974 የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲው የቆዳ ሐኪም አልበርት ክሊግማን ሻምፖና ክሬም ጭምር በእስረኞች ጀርባ ላይ ሞክሯል። ዳው ኬሚካል በ1960ዎቹ ዳዮክሲን የተባለውን መርዝ እንዲሞክርለት ከፍሎት ነበር። ክሊግማን በአንዳንዶቹ ላይ ኩባንያው ከፈቀደው መጠን 468 እጥፍ አደረገ። እስረኞቹ ይከፈላቸው ነበር፤ በቀን ሳንቲሞች ከሚያስገኘው የእስር ቤት ሥራ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ገንዘብ ነው። ከተሳተፉት የበዙት ጥቁሮች ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው በ2021፣ ከተማዋም በ2022 ይቅርታ ጠየቁ።

ጓቴማላ ላይ የሆነው ከዚህ ይከፋል። ከ1946 እስከ 1948 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ሐኪሞች እስረኞችን፣ ወታደሮችንና የአእምሮ ሕሙማንን ሳያሳውቁ በቂጥኝና በጨብጥ በክለዋቸዋል። ነገሩ የታወቀው የታሪክ ተመራማሪዋ ሱዛን ሬቨርቢ ከአንድ ሐኪም ወረቀቶች መካከል ባገኘችው ማስረጃ ነው። በ2010 የአሜሪካ መንግሥት ይቅርታ ጠይቋል። ኑረምበርግ ላይ ፍርድ ሲሰጥ ይህ ሙከራ በመካሄድ ላይ እንደነበር ልብ ይሏል።

«እኛ እንፈልጋለን» ያሉት እስረኞች

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ መልሱ አጭር ነበር፦ ይከልከል። በ1975 ግን የአሜሪካ ኮንግረስ ያቋቋመው ኮሚሽን ሚሺጋን ወደሚገኘው የጃክሰን እስር ቤት ሄደ። በግቢው ሁለት መድኃኒት አምራች ኩባንያዎች የምርምር ክፍል ነበራቸው። ኮሚሽነሮቹ እስረኞቹን ሲያነጋግሩ ብዙዎቹ ሙከራው እንዲቀጥል ፈለጉ። ገንዘብ ያገኛሉ፤ የምርምሩ ክፍልም ከእስር ክፍላቸው ይሻላል።

ኮሚሽነሮቹን ያሳሰባቸው ይህ መልስ ነበር። የእስር ክፍሉ መጥፎ ስለሆነ የምርምሩ ክፍል ከተወደደ፣ ፊርማው የሚመሰክረው ስለ እስር ክፍሉ ነው። በዚያው ልክ ግን እስረኛ ሁሉ ማሰብ የማይችል ነው ብሎ አፉን መዝጋት ሁለተኛ እስራት ነው። ኮሚሽኑ በ1976 መካከለኛ መንገድ መረጠ። በ1978 የወጣው ደንብ ምርምሩን እስራት ነክ በሆኑ ጉዳዮችና እስረኛውን ራሱን በሚጠቅሙ ሥራዎች ገደበው። ሁለት ተግባራዊ ነገሮችንም አስቀመጠ። ምርምሩን ከሚፈቅደው ኮሚቴ አንዱ አባል እስረኛ ወይም የእስረኞችን ኑሮ የሚያውቅ ወኪል ይሁን፤ በምርምር መሳተፍም ሆነ አለመሳተፍ በአመክሮ ውሳኔ ላይ እንዳይቆጠር፣ ይህም አስቀድሞ ለእስረኛው ይነገረው።

ሐረር፣ ድሬዳዋ፣ ጅጅጋ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ2011 በአንድ ዓለም አቀፍ የሳንባ ሕመም መጽሔት ላይ የኢትዮጵያና የኖርዌይ ተመራማሪዎች በምሥራቅ ኢትዮጵያ ሦስት ዋና ማረሚያ ቤቶች ያካሄዱት ጥናት ታተመ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳላቸውን ታራሚዎች ለይተው አክታቸውን መረመሩ። 33 ሰዎች ላይ የሳንባ ነቀርሳ ተገኘ። ስሌቱ ከ100,000 ታራሚ 1,913 ይደርሳል፤ ከጠቅላላው ሕዝብ ሰባት እጥፍ ገደማ ማለት ነው።

ይህ እንዴት ያለ ምርምር ነው? ማንም በሽታ አልተሰጠውም። ታራሚው ጠዋት ገና ሳይበላ ክዳን ባላት ትንሽ ዕቃ ውስጥ ከደረቱ ስቦ አክታ ይተፋል። ላቦራቶሪ ውስጥ ከአክታው ጥቂት በመስታወት ላይ ተቀብቶ፣ በእሳት ደርቆ፣ በቀለም ይነከራል። ባክቴሪያው ካለ በሰማያዊ መደብ ላይ ቀጫጭን ቀይ ዘንጎች ሆኖ ይታያል። የተገኘበት ሰው በአገራችን ያለ ክፍያ የሚሰጠውን የስድስት ወር መድኃኒት ይጀምራል።

በስቴትቪል በሽታውን ያስገባው ተመራማሪው ነበር። በእነዚህ ማረሚያ ቤቶች ግን በሽታው ቀድሞ ገብቷል፤ ተመራማሪው ያደረገው ማሳየት ነው። የተገኘውም እውቀት ወደዚያው ይመለሳል። ጎን ለጎን ተኝቶ፣ መስኮቱ ጠባብ በሆነ ክፍል የሚያድር ሰው አንድ የሚያስል ጓደኛ ይበቃዋል። አዲስ ገቢ በመጀመሪያው ቀን ቢመረመር፣ የሚያስለው ቶሎ ቢለይ፣ ክፍሉ አየር ቢያገኝ ተጠቃሚው እዚያው ያለው ታራሚ ነው። ጠባቂውም፣ ስንቅ ይዛ የምትመጣው ሚስትም ይጠቀማሉ፤ ነቀርሳ የፍርድ ወረቀት ሳይጠይቅ ከግቢ ይወጣልና።

ስለዚህ «በታራሚ ላይ ምንም ምርምር አይካሄድ» የሚለው አቋም ደግነት ይመስላል እንጂ ሰባት እጥፍ የሚታመመውን ሕዝብ ከዓይን መሰወር ነው። ማንም ያልቆጠረው በሽታ በጀት አያገኝም።

ታዲያ እንዲህ ያለው ምርምር ከችግር ነጻ ነው? አይደለም። አንድ ታራሚ በምናባችን እናስብ። ከምሥራቅ ሐረርጌ ገጠር የመጣ፣ አፋን ኦሮሞ የሚናገር፣ ማንበብ የማይችል ሰው ነው። የክፍሉ ካቦ ስሙን ይጠራል። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ጠረጴዛ ይዞ ተቀምጧል፤ ጠባቂው በር ላይ ቆሟል። የስምምነት ቅጹ በአማርኛ ይነበብለታል። ለእሱ ይህ ሰውዬ ሐኪም ነው፤ ሐኪም ደግሞ ለማከም እንጂ ለማጥናት አይመጣም። ከተፈረደበት ሁለት ሦስተኛውን ሊጨርስ ጥቂት ወራት ቀርተውታል፤ አመክሮ የሚሰጠው መልካም ጠባይ ላሳየ ነው። «እምቢ ብል ምን ይሉኛል?» እያለ አውራ ጣቱን ቀለም ላይ ያሳርፋል። ማንም አላስገደደውም። ፈቀደ ለማለት ግን ይከብዳል።

ሐረር ከተማ ጀጎል ውስጥ የሚኖር ሰው ተመሳሳይ ቅጽ ቢቀርብለት «ቤት ላማክር» ብሎ መሄድ ይችላል። ሚስቱን ይጠይቃል፤ አፎቻ በሚባለው መረዳጃ ማኅበሩ ላይ የሚያምነውን ሽማግሌ ያዋያል፤ ሲያሻው ሳይመለስ ይቀራል። ታራሚው ያጣው አንዱ ነገር ይህ ነው፦ ሳይቸኩሉ፣ ከወዳጅ ጋር ተማክሮ የመወሰን ዕድል።

ሕጉ ምን ይላል?

ኢትዮጵያ በ1993 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 7 ማንም ሰው ያለ ነጻ ፈቃዱ ለሕክምና ወይም ለሳይንስ ሙከራ እንዳይዳረግ ይከለክላል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 9 እንዲህ ያሉ ስምምነቶችን የአገሪቱ ሕግ አካል ያደርጋል፤ በአንቀጽ 21 ደግሞ በጥበቃ ሥር ያሉና የተፈረደባቸው ሰዎች ሰብአዊ ክብራቸው ተጠብቆ የመያዝ መብት ይሰጣቸዋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 270 በጦርነት ጊዜ በሲቪሎች ላይ የሚደረግን ባዮሎጂያዊ ሙከራ ከጦር ወንጀሎች ይቆጥረዋል። ከዚህ በታች ብሔራዊ የምርምር ሥነ ምግባር ግምገማ መመሪያ አለ፤ ሐረር ላይ የሚገኘው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅም የራሱ የጤና ምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ አለው።

ሕግ አልጎደለንም ማለት ነው። የሚቀረው ሕጉን እስከ ጠረጴዛው ድረስ ማውረድ ነው። ኮሚቴው ፊት ማረሚያ ቤት የሚል ቃል ያለበት ማመልከቻ ሲቀርብ መጠየቅ ያለበት ብዙ አይደለም። ይህ ጥናት ውጭ ባሉ ሰዎች ሊሠራ ይችላል? የሚችል ከሆነ ወህኒ የተመረጠው ለተመራማሪው ምቾት ነውና ይመለስ። ውጤቱ የሚጠቅመው ማንን ነው? መልሱ እዚያው ያሉትን ካልሆነ በር ይዘጋ። እምቢ ያለ ታራሚ ምን ያጣል? ምንም እንደማያጣ ተመራማሪው በቃል ሳይሆን በአሠራር ያሳይ።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ካቦውም ጠባቂውም ስም ጠሪ አይሁኑ። ማብራሪያው ታራሚው በሚናገረው ቋንቋ፣ ጠባቂ በማይሰማበት ቦታ ይሰጥ። ማብራሪያና ፊርማ በአንድ ቀን አይሁኑ፤ በመካከላቸው ቢያንስ አንድ የቤተሰብ መጠየቂያ ቀን ይለፍ፣ ሰውየው የሚያምነውን እንዲያማክር። የተሳተፈና ያልተሳተፈ ታራሚ ዝርዝር ለአስተዳደሩ አይድረስ፤ ለአመክሮም አይቆጠር። ከተፈቱ ሰዎች መካከል አንዱ በገምጋሚ ኮሚቴው ወንበር ይኑረው፤ ከቆጠራ በኋላ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚባል ከፕሮፌሰሮቹ ይልቅ እሱ ያውቃል። በመጨረሻም ተመራማሪው ያገኘውን ይዞ ወደ መጽሔት ከመሮጡ በፊት ለታራሚዎቹ በቃል ይንገራቸው።

በስቴትቪል የተገኘው እውቀት ሰዎችን አድኗል፤ ወደፊትም ያድናል። ይህ ግን የተገኘበትን መንገድ አያጸድቀውም፤ መንገዱም መጥፎ ስለነበረ ክኒኑን እንጣል አያሰኝም። የሚያስገድደን አንድ ነገር ነው፦ ያንን መንገድ አለመድገም። የማረሚያ ቤት ኃላፊ፣ ተመራማሪ ወይም የገምጋሚ ኮሚቴ አባል የሆንክ አንባቢ፣ ቀጣዩ ማመልከቻ ፊትህ ሲቀርብ ፊርማው አለ ወይ ብለህ ብቻ አትለፈው። ያ ሰው «አልፈልግም» ቢል በማግስቱ ምን እንደሚገጥመው ጠይቅ። መልሱን ካላወቅህ አትፍቀድ።